የዱባው በዓል የት ይደምቃል፣ የትስ ይቀዘቅዛል?

በኦክቶበር የመጨረሻ ቀን፣ በሃሎዊን፣ ከአመሻሹ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ጀምሮ፣ በሜሪላንድ የሲልቨር ስፕሪንግ መኖሪያ ሰፈሮች የእግረኛው መንገድ በሕፃናት ይሞላል። አንዷ የንግሥት ዘውድ ደፍታለች፣ አንዱ እንደ ሸረሪት ሰው ለብሷል፣ ሌላው አፅም የተሳለበት ጥቁር ልብስ ከራሱ እስከ እግሩ አጥልቋል። ወላጆች አምስት ስድስት እርምጃ ወደ ኋላ ቀረት ብለው ይከተላሉ። ደንቡን ጽፎ የለጠፈ የለም፤ ትንንሾቹ ሳይቀሩ ግን ያውቁታል። የበረንዳው መብራት የበራ ቤት ይንኳኳል፣ የጠፋበት ይታለፋል። በሩ ሲከፈት ልጁ ቦርሳውን ይዘረጋል፣ ከረሜላ ይገባለታል፣ አመስግኖ ወደሚቀጥለው ይሮጣል።

ቀኑ በእኛ አቆጣጠር በአብዛኛው ጥቅምት 21 ላይ ይውላል፤ ማርያም ናት። ስለዚህ በዚያው ሰፈር ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ነጠላዋን ሳታወልቅ ለጎረቤት ልጆች ቸኮሌት የምታድል እናት ትገኛለች። መብራቷን አጥፍታ ልጆቿን ቤት የምትሰበስብም አለች። ሁለቱም የአንድ ደብር ምእመናን ሊሆኑ ይችላሉ።

ከዚያ ጎዳና ጥቂት ደቂቃ ራቅ ብለው በቆሙት ባለብዙ ፎቅ አፓርታማዎች ግን ነገሩ ሌላ ነው። የታችኛው መግቢያ በኮድ ይከፈታል፣ ኮሪደሩ ጭር ይላል፣ በር የሚያንኳኳ እምብዛም የለም። የዚያ ነዋሪዎች ልጆቻቸውን በመኪና ይዘው ቤቶች ተቀራርበው ወደተሠሩበት ሰፈር ይሄዳሉ። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ምሽት፣ ሃሎዊን እዚህ ደምቆ እዚያ ደብዛው የለም።

ዓለምን በዚህ ዓይን ስናይ ልዩነቱ ይብሳል። ብዙዎች በዓሉ የተስፋፋው በሆሊዉድ ፊልምና በነጋዴ ጉልበት ነው ይላሉ። ፊልሙም ሸቀጡም ግን ፓሪስም ቶኪዮም ዋርሶም ደርሷል፤ ውጤቱ አንድ አልሆነም። እኔ እንደሚመስለኝ የሃሎዊንን ዕጣ የሚወስኑት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። የአገሩ ሰው በእነዚያ ቀናት ቀድሞውኑ የሚያደርገው ነገር አለው ወይ? ልጅ የማያውቀውን ሰው በር ቢያንኳኳስ ይከፈትለታል ወይ?

የበዓሉ ሥር አየርላንድና ስኮትላንድ ነው። ኬልቶች መኸር አልቆ፣ ከብት ከበጋ ግጦሽ ተመልሶ፣ ጨለማው ክረምት ሲገባ ሳወን የሚሉትን በዓል ያከብሩ ነበር። በዚያች ሌሊት በሕያዋንና በሙታን መካከል ያለው ድንበር ይሳሳል ተብሎ ይታመን ነበር፤ እሳት ይነድዳል። የሮም ቤተ ክርስቲያን በ8ኛውና በ9ኛው ክፍለ ዘመን የቅዱሳን ሁሉን በዓል በኖቬምበር 1 አጸናች፤ በኋላም ኖቬምበር 2 የሙታን መታሰቢያ ሆነ። አሮጌውና አዲሱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የአየርላንድ ሰው ዘቢብ ያለበት ዳቦ ጋግሮ በሊጡ ውስጥ ቀለበት ይደብቃል፤ ቀለበቱ የደረሰው ዓመቱ ሳይሞላ ያገባል ይባላል። ዛሬ ከዱባ ተፈልፍሎ የሚሠራው የበዓሉ ፋኖስም ያኔ ከዱባ አልነበረም። ዱባ የአሜሪካ ተክል ነው፤ አየርላንዳውያን ይፈለፍሉ የነበረው ቀይ ሥርን የሚያህል ጠንካራ ነጭ ሥር ነበር። በአየርላንድ ብሔራዊ ሙዚየም የገጠር ሕይወት ክፍል የአንዱ ቅጂ ይታያል፤ የተሸበሸበ፣ ጥርሱ የገጠጠ ፊት ነው፣ ከዛሬው ፈገግተኛ ዱባ ይልቅ በእውነት ያስፈራል።

ዛሬ በአውሮፓ በዓሉ ከሁሉ በላይ የሚደምቅባት ከተማ በሰሜን አየርላንድ የምትገኘው ዴሪ ናት። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተገነባው ግንቧ እስካሁን ሳይፈርስ ዙሪያዋን ከቧታል። በ1980ዎቹ አጋማሽ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) አንድ መጠጥ ቤት የጭንብልና የአልባሳት ውድድር አዘጋጀ። ጊዜው ክፉ ነበር። ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1998 የስምምነት ዓመት ድረስ በካቶሊኩና በፕሮቴስታንቱ ማኅበረሰብ መካከል በነበረው ግጭት ጎዳናው የወታደርና የፍተሻ ነበር። ሰዎች ጭንብል አድርገው ከመጠጥ ቤት ወደ ጎዳና ወጡ፣ በየዓመቱም በዙ፣ ማዘጋጃ ቤቱም ተቀበላቸው። አሁን በበዓሉ ቀናት ከ100 ሺህ በላይ ሰው ይጎርፋል፤ ግንቡ ብርሃን ይለብሳል፣ በፎይል ወንዝ ላይ ርችት ይተኮሳል። በ2015 የዩኤስኤ ቱዴይ አንባቢዎች ከዓለም የሃሎዊን መዳረሻዎች አንደኛ ብለው መርጠዋታል። የከተማዋ ስም እንኳ ሁለቱን ወገኖች ያከራክራል፤ አንዱ ዴሪ ሲላት ሌላው ለንደንዴሪ ይላታል። በዚያች ምሽት ግን ጭንብል ያደረገ ሰው የየትኛው ወገን እንደሆነ አይጠየቅም። የዴሪ ሃሎዊን በዚህ ልክ የገነነው በዓሉ ከጥንትም የአገሬው ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም፤ ሕዝቡ ያለ ፍርሃት አብሮ ጎዳና የሚወጣበት አንድ ምሽት አጥብቆ ይፈልግ ስለነበር ነው።

ባሕሩን ተሻግረን እንግሊዝ ስንገባ ታሪኩ ይገለበጣል። የሃይማኖት ተሐድሶው ለሙታን መጸለይን ሲሽር የበዓሉ ምሰሶ ተነቀለ። በ1605 ጋይ ፎክስና ግብረ አበሮቹ ፓርላማውን በባሩድ ሊያፈነዱ ሲሉ ተያዙ፤ ኖቬምበር 5 በሕግ የምስጋና ቀን ሆነ። እሳቱም፣ ጩኸቱም፣ ከመንገደኛ ሳንቲም የሚለምኑት ልጆችም ከአምስት ቀን በኋላ ወደሚውለው ወደዚያ በዓል ተሻገሩ። ሃሎዊን በ1980ዎቹ ተመልሶ ሲመጣ ብዙ እንግሊዛውያን አሜሪካ የላከችው ባዕድ ነገር ነው ብለው ተቆጡ፤ ባዕድ ያሉት የገዛ ደሴታቸውን ልጅ ነበር።

አሜሪካ እንዴት አገኘችው? በ1840ዎቹ የአየርላንድ ድንች በበሽታ ሲጠፋ ሚሊዮን ያህል ሰው በረሃብና በበሽታ አለቀ፣ ከሚሊዮን በላይ ተሰደደ። ስደተኛው ልማዱን ይዞ ሄደ። መጀመሪያ ላይ ከረሜላ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የጎረምሶች ጥፋት ነበር። የአጥር በር ይነቀላል፣ ጋሪ ጣሪያ ላይ ይሰቀላል፣ መስኮት ይሰበራል። የሚኒሶታዋ አኖካ ከተማ በ1920 ወጣቶቿን ከጥፋት ለማውጣት የሰልፍ ትርኢት አዘጋጀች፤ እስከ ዛሬም ራሷን የዓለም የሃሎዊን ዋና ከተማ ብላ ትጠራለች። ሌሎችም ከተሞች ልጁን በስጦታ ማባበል ያዙ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስኳር በራሽን ሲሰጥ በዓሉ ቀዘቀዘ፤ በ1947 የስኳሩ ራሽን ሲቀር እንደ ጎርፍ ፈነዳ። በእነዚያው ዓመታት ከተሞች ዙሪያ አዳዲስ ሰፈሮች ይሠሩ ነበር፤ ቤቱ ተቀራራቢ፣ በሩ መንገድ ዳር፣ ሰፈሩ ሕፃናት የሞሉበት። ጎረቤት ከጎረቤት ገና ያልተዋወቀበት ሰፈር ነበርና በዓመት አንድ ቀን ሁሉም በሩን የሚከፍትበት ሰበብ አገኘ። የአሜሪካ ሃሎዊን ትልቁ ምስጢር እሱ ይመስለኛል።

ገንዘቡ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው፤ ሲመጣ ግን መጣ። የአገሪቱ የቸርቻሪ ነጋዴዎች ማኅበር በ2023 አሜሪካውያን ለበዓሉ 12.2 ቢሊዮን ዶላር ያወጣሉ ብሎ ገምቷል። ያም ሆኖ አገሪቱ ሁሉ አንድ መልክ የላትም። በ1692 በጥንቆላ ክስ ሰዎች የተገደሉባት የማሳቹሴትሷ ሴለም ወሩን ሙሉ በጎብኚ ትጨናነቃለች። ዲትሮይት ደግሞ የበዓሉን ዋዜማ የምታስታውሰው በመከራ ነው፤ በ1984 በዚያው ሰሞን ከ800 በላይ እሳት ተነሥቶባት፣ በኋላ ነዋሪዎች በፈቃዳቸው ጎዳና እየጠበቁ ነው ያረጋጓት። ቤቶች ተራርቀው በሚገኙበት ገጠር፣ እንዲሁም በዓሉን በማይወዱ ብዙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ፣ መኪኖች በፓርኪንግ ተደርድረው የኋላ ኮፈናቸው ይከፈታል፤ ልጆቹ ከመኪና መኪና እየዞሩ ይቀበላሉ። የመኸር በዓል ብለው ጭራቁን የሚያስወጡም አሉ። በአዮዋዋ ዴሞይን ደግሞ ልጆች ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ አሥርተ ዓመታት የሚዞሩት በ30ኛው ቀን ነበር፤ ከረሜላውንም ቀልድ ሳይናገሩ አያገኙም። ይህን የዴሞይን ልማድ ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ፈረንሳይን እንይ። ኖቬምበር 1 የሕዝብ በዓል ነው፣ ትምህርት ቤትም ለሁለት ሳምንት ይዘጋል። ቤተሰብ የክሪሳንተመም አበባ ይዞ ወደ መቃብር ይሄዳል፤ ልጁ ብዙውን ጊዜ አያቶቹ ዘንድ ነው። በ1997 የአገሪቱ ትልቁ የስልክ ኩባንያ ብርቱካንማ የእጅ ስልኩን ለማስተዋወቅ በኤፍል ማማ ፊት ለፊት በሚገኘው ትሮካዴሮ አደባባይ በሺዎች የሚቆጠር ዱባ ደረደረ። ሱፐርማርኬቶች ተከተሉ፣ ጭንብል ተሸጠ፣ ለጥቂት ዓመታት አገር ጉድ አለ። ከዚያ ሙቀቱ ወረደ። በ2002 የፓሪስ ሀገረ ስብከት ቅዱሳንን የሚያከብር የወጣቶች ዝግጅት በዚያው ምሽት ጀመረ፤ ሌላው ሰው ደግሞ የነጋዴ በዓል ነው ብሎ ተወው። ዛሬም ፈረንሳይ ውስጥ ከረሜላ የሚለምኑ ልጆች አሉ፤ ግን በኩባንያ ገንዘብ የተተከለው ግዙፍ በዓል ሥር አልያዘም። ቦታው ተይዟል። ሰው እናቱ መቃብር ላይ አበባ አስቀምጦ በተመለሰ ሰሞን የፕላስቲክ አፅም በበሩ ላይ መስቀል ይከብደዋል።

ፖላንድ ከዚህም ይበልጥ ጥብቅ ናት። በኖቬምበር 1 አገር ሁሉ ወደ ትውልድ ቀዬው ይጓዛል፣ መቃብሮቹ በሻማ ብርሃን ከሩቅ ይታያሉ፣ ጳጳሳቱ ሃሎዊንን በግልጽ ይቃወማሉ።

ጀርመን ግን ተቀበለችው፤ ምክንያቱም የሚገርም ነው። በ1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ሲጀመር ኮሎኝን የመሳሰሉ ከተሞች የየካቲቱን የካርኒቫል ሰልፍ ሰረዙ። የጭንብልና የአልባሳት ነጋዴው ሸቀጥ መጋዘን ውስጥ ቀረ። ኪሳራውን የሚያካክስ ሌላ ወቅት ሲፈለግ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሃሎዊን ተገኘ። ጀርመናዊው ልብስ ለውጦ መጨፈርን ከካርኒቫል ያውቃል፣ ልጆቹም በኖቬምበር 11 የቅዱስ ማርቲን ዕለት ፋኖስ ይዘው ይዞራሉ። ልማዱ እንግዳ አልሆነበትም። የተቆጡት የፕሮቴስታንት መሪዎች ናቸው። ማርቲን ሉተር በ1517 ጽሑፉን ያወጣው በዚያው በኦክቶበር 31 ነውና ቀኑ የተሐድሶ መታሰቢያ ነው፤ በአገራችን የመካነ ኢየሱስ ምእመናንም ቀኑን በዚህ ያውቁታል።

ሜክሲኮ የራሷን የሙታን ቀን በኖቬምበር 1 እና 2 ታከብራለች፤ በቤት መሠዊያ ላይ የሟች ፎቶ፣ የሚወደው ምግብና ቢጫ አበባ ይቀመጣል። በ2015 የወጣው ስፔክተር የተሰኘው የጄምስ ቦንድ ፊልም በሜክሲኮ ሲቲ የአፅም ሰልፍ ይከፈታል። እንዲህ ያለ ሰልፍ በከተማዋ አልነበረም። ፊልሙን ያየ ጎብኚ ይፈልገዋልና ከተማዋ በ2016 እውነተኛውን ሰልፍ ጀመረች። የቤቱ መሠዊያ ግን አልተነካም።

በምሥራቅ እስያ ጥያቄው የበር ነው። ጃፓን ሙታኖቿን በበጋው በኦቦን ታስባለች፤ የኦክቶበር መጨረሻ ባዶ ነበር። ቶኪዮ ዲዝኒላንድ በ1997 የሃሎዊን ዝግጅት ጀመረ፣ ወጣቱ ወደደው። ነገር ግን የማያውቁትን ሰው ቤት ማንኳኳት የጃፓን ወግ አይደለም። በር የሌለው በዓል ወደ አደባባይ ወጣ፤ በ2010ሮቹ የቶኪዮው የሺቡያ መስቀለኛ መንገድ በየዓመቱ ልብስ በለወጡ ወጣቶች ተጥለቀለቀ። በ2018 የሰከሩ ሰዎች አንድ ትንሽ የጭነት መኪና ገለበጡ። በማግስቱ ዓመት በጎዳና መጠጣት ታገደ። በ2023 የሺቡያ ከንቲባ በሃሎዊን ወደዚህ አትምጡ ሲሉ ዓለምን በይፋ ለመኑ፤ የታማኙ ውሻ የሃቺኮ ሐውልት ሳይቀር ተሸፈነ።

ሴኡል ውስጥ የደረሰውን ስጽፍ እጄ ይከብዳል። በኢቴዎን የምሽት ሰፈር ኦክቶበር 29 ቀን 2022፣ የኮቪድ ክልከላ ከተነሣ በኋላ በመጣው የመጀመሪያ ሃሎዊን፣ ወጣቶች በአንዲት ጠባብ ቁልቁለት ተጣበቁ። ከአደጋው ሰዓታት በፊት ጀምሮ ሰው ሊረጋገጥ ነው የሚሉ ጥሪዎች ለፖሊስ ደርሰው ነበር። 159 ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ የነበሩ ናቸው። የበዓሉ ባለቤት የሆነ አካል አልነበረም፤ ማዘጋጃ ቤት አላዘጋጀውም፣ ድርጅት አልጠራውም፣ ስለዚህ ስለ ሕዝቡ ብዛት የሚያስብ አልተገኘም። ዴሪ ውስጥ ማዘጋጃ ቤቱ መንገዱን ይዘጋል፣ ሰዉን ይመራል። ሕይወት የሚያድነው ልዩነት ይህ ነው።

ሪያድ ውስጥ ደግሞ በዓሉ የሚደምቀውም የሚጠፋውም በመንግሥት ፈቃድ ነው። በ2018 በአንድ የሃሎዊን ግብዣ ላይ የተገኙ የፊሊፒንስ ሴቶች መታሰራቸው ተዘግቦ ነበር። በ2022 በዚያችው ከተማ፣ ሪያድ ሲዝን በሚባለው የመንግሥት የመዝናኛ መርሐ ግብር፣ የሚያስፈራ ልብስ የለበሰ ቡሌቫርድ ወደሚባለው የመዝናኛ ስፍራ በነፃ ገባ። በሪያድ የኖሩ ወገኖቻችን የማኅበር ጸሎታቸውን እንኳ በዝግ ቤት ያደርሱ ነበርና ይህን ዜና በምን ስሜት እንደሰሙት መገመት አይከብድም።

አውስትራሊያ ውስጥ ወቅቱ ጸደይ ነው፣ ፀሐይዋም ቶሎ አትጠልቅም፤ በዓሉ እያደገ ቢሆንም ጨለማውን አላገኘም። እስራኤል ውስጥ ልጆች ልብስ የሚለዋውጡበት ፑሪም አለ፤ ለቤተ እስራኤል ደግሞ የኦክቶበር መጨረሻ የጾምና የጸሎት በዓላቸው ወደሆነው ወደ ስግድ የሚቃረብበት ሰሞን ነው።

እኛስ? አዲስ አበባ ውስጥ ሃሎዊን ከአንዳንድ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶችና የምሽት ክበቦች አልፎ ሰፈር አልገባም። የማይገባው በድንቁርና ወይም በድህነት አይደለም። ሥራው ሁሉ ተይዟል። ሙታን ተዝካርና ሙት ዓመት አላቸው። ርኩስ መንፈስ ለጠበልና ለጸሎት የሚተው ነገር ነው፤ ለቀልድ አይለበስም። ወቅት ሲለወጥ እንቁጣጣሽና መስቀል አሉ። የማንኳኳቱም ሥራ የቡሄ ነው፤ ነሐሴ 13 ልጆች ዱላቸውን መሬት ላይ እየመቱ፣ አውራጁ እያወጣ ሌላው እየተቀበለ፣ ሆያ ሆዬ ብለው ደጃፍ ይቆማሉ፤ ሙልሙል ወይም ገንዘብ ይቀበላሉ።

እዚህ ላይ ወደ ዴሞይን ልመለስ። የቡሄ ልጅ ሳይዘፍንና ባለቤቱን ሳያወድስ፣ ሲሰጠውም ሳይመርቅ አይሄድም። በስኮትላንድም የጥንቱ ልጅ ግጥም ወይም ዘፈን ካላቀረበ አይሰጠውም ነበር። አብዛኛው የአሜሪካ ሰፈር ይህን ጥሎ ቦርሳ መዘርጋቱን ብቻ አስቀረ፤ ዴሞይን ቀልዱን ጠበቀች። ለኔ የቡሄው ይበልጣል። ልጁ በድምፁና በቃሉ ደክሞ ያገኘዋል፣ ባለቤቱም ስሙ በዜማ ሲነሣ ይሰማል። በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢ በነሐሴ ሆያ ሆዬ የሚሉ ልጆችን ሳይ ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው። በጥቅምት ከረሜላ የሚለቅመውን ልጅ ከመቆጣት በፊት በነሐሴ ግጥም ያስተማሩት ወላጆች ብልህ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ። መብራት ማብራትም ማጥፋትም የየቤቱ ውሳኔ ነው፤ ለልጁ ምክንያቱን መንገር ግን የወላጅ ግዴታ ነው።

የቀረኝ ለሾፌር ወገኖቼ ነው። በዋሽንግተን፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ታክሲና ኡበር ከሚነዱት መካከል ብዙዎቹ እኛ ነን። በአሜሪካ ሃሎዊን የሚደምቀው ሕፃናት በጨለማ በእግር በሚዞሩባቸው ሰፈሮች ነው። ከ1975 እስከ 2016 ያሉትን የ42 ዓመታት መረጃ የመረመረ ጥናት በዚያ ምሽት እግረኛ በመኪና ተገጭቶ የመሞቱ አደጋ፣ ከሳምንት በፊትና በኋላ ካሉት ምሽቶች ጋር ሲነጻጸር፣ በ43 በመቶ እንደሚጨምር አሳይቷል፤ ከ4 እስከ 8 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ደግሞ አሥር እጥፍ ይሆናል። አደጋው የሚበረታው አሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ነው። በዚያ ምሽት መኖሪያ ሰፈር ስትገቡ ፍጥነት ቀንሱ፣ ስልካችሁን ተዉት፣ ከቆሙ መኪኖች መሃል ልጅ ሊወጣ እንደሚችል ጠብቁ። ተሳፋሪ ቢያጣድፋችሁም አትቸኩሉ።